«ቻው» ብዬ ገብቼ አፈርኩ፤ ጣሊያኖች ይሄን ሁሉ ሥርዓት ከየት አመጡት?

ሚሚ_ቦሎኛ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ለትምህርት ከመጣሁ ሁለት ወር አልሞላኝም። ትናንት የገጠመኝ ነገር እስካሁን ፊቴን ያግለዋል።

የምኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ባልቴት አሉ። ሰማንያን ያለፉ ይመስለኛል። ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ እንኳ ጸጉራቸው ተሠርቶ፣ ሊፕስቲክ ተቀብተው፣ የአንገት ጌጥ አድርገው ነው። ሊፍት ውስጥ ተገናኘን። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁ? ፈገግ ብዬ «ቻው!» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ቀስ ብለው «ቧና ሴራ፣ ሲኞሪና» አሉኝ። ቃሉ ጨዋ ነው። ድምፃቸው ግን የፍሪጅ በር የተከፈተ ያህል ነበር።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ስነግራት እየሳቀች «ቻው የሚባለው ለእኩያ ነው፤ ለእሳቸው ሌይ፣ እርስዎ እንደማለት፣ ነው የምትዪው» አለችኝ። ከዚያ ሌላ ሌላውን ዘረገፈችው። ሰው ቤት ስትገቢ በሩ ተከፍቶልሽ እያለ እንኳ «ፐርሜሶ»፣ ይፈቀድልኝ፣ ትያለሽ። ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ አይጠጣም። በውሃ ጽዋ አይነሣም። ሐኪሙም መሐንዲሱም በማዕረጉ ይጠራል።

ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ? እነዚህ ሰዎች ሲታዩ ዘና ያሉ ናቸው። ይጮኻሉ፣ ያቅፋሉ፣ እጃቸው አያርፍም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሥርዓት ከየት መጣ?


የታሪክ_ተማሪ_ነበርኩ

እህቴ፣ ሁላችንም በዚያ በር አልፈናል። ግን ሴትየዋን ያስከፋሽበትን ቃል ታሪክ ብታውቂ ትስቂያለሽ። «ቻው» የቬኒስ ቃል ነው። በቬኒስ አነጋገር «ስቻቮ» ማለት ባሪያ ነው፤ «ባሪያዎ ነኝ» ብሎ እጅ መንሳት ነበር። የእኛ ሰው በድሮ ደብዳቤ ላይ «አሽከርዎ» ብሎ እንደሚፈርመው ማለት ነው። ቃሉ ራሱ «ስላቭ» ከሚለው የሕዝብ ስም የመጣ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ለባርነት ይሸጡ ነበርና። ከአፍ አፍ ሲዞር እያጠረ ሄደ። ትሕትናው ረግፎ ቅርበቱ ብቻ ቀረ። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ መገናኛነቱን ጥሎ መለያያ ብቻ ሆነ። አዲስ አበባ ለሚኒስትሩም ለሊስትሮውም «ቻው» ብለሽ ብትለዪ ማንም አይቀየምሽም። እዚህ ግን «ቱ»፣ ማለትም አንተ ወይም አንቺ ለምትዪው ሰው ብቻ ነው።

«ሌይ» ደግሞ የበለጠ ያስቃል። ትርጉሙ «እሷ» ነው። ጢሙን ያሳደገ ዳኛም ቢሆን ስታከብሪው «እሷ» ነው የምትዪው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን በየቤተ መንግሥቱ ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት «አንተ» ማለት ድፍረት ነበር። ስለዚህ «ቮስትራ ሲኞሪያ»፣ ጌትነትዎ፣ ይባል ጀመር። «ሲኞሪያ» በጣሊያንኛ በሴት ጾታ የሚነገር ቃል ነው። «ጌትነትዎ ደኅና አደረች?» ሲባል ሲባል «እሷ ደኅና አደረች?» ሆኖ ቀረ። ስፔኖች ሚላኖንና ናፖሊን ሲገዙ ደግሞ የማዕረግ ነገር ባሰበት።

ያኔ ጣሊያን የሚባል መንግሥት አልነበረም። ኡርቢኖ፣ ማንቶቫ፣ ፌራራ እያለ በትንንሽ ቤተ መንግሥት የተከፋፈለ አገር ነው። በፈረንጆቹ 1494 የፈረንሳዩ ንጉሥ ገባ፣ በ1527 ሮማ ተዘረፈች፣ በ1559 ስፔን አብዛኛውን ጠቀለለች። እንዲህ ባለ አገር የባለሟል እንጀራ በምላሱና በአቀማመጡ ላይ ነው። አንድ ቃል ከሳትክ መሶቡ ይነሣል።


ባሪስታ_ቶሪኖ

የካፑቺኖውን ለእኔ ተዉት፤ እንጀራዬ ነው። ወተት ምግብ ነው ብለው ያምናሉ። በምሳ ላይ ወተት መጨመር ሆድ ይከብዳል ነው ነገሩ። የሚከለክልሽ የለም፤ እሠራልሻለሁ። ከጎንሽ የቆመው ሽማግሌ ግን ያዝንልሻል።

ሌላው፣ ቡና ቆሞ ነው የሚጠጣው። ባንኮው (መደርደሪያው) ላይ ቆመሽ ከጠጣሽ አንድ ዩሮ ከምናምን ነው፤ ከተቀመጥሽ ዋጋው ሌላ ነው። የኤስፕሬሶ ቡና ማሽኑን አንድ የሚላኖ ሰው፣ ሉዊጂ ቤዜራ፣ በ1901 በፓተንት አስመዘገበው። ቶሪኖዎች ደግሞ የእኛው አንጄሎ ሞሪዮንዶ በ1884 ቀድሞታል ብለው ይከራከራሉ፤ እኔም የምኖረው ቶሪኖ ስለሆነ እዚያ ጎን ነኝ። ሦስት ጉንጭ፣ ሁለት ቃል ስለ ኳስ፣ «ቧና ጆርናታ»፣ አለቀ። መጀመሪያ ሰሞን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለለመደ ሰው ልብ ይሰብራል።


እትዬ_ከሮማ

ልጄ ሚሚ፣ እኔ ሮማ የገባሁት በ1980ዎቹ ነው፤ አንቺ ገና አልተወለድሽም። ሰው ቤት አዳሪ ሆኜ ነው የሠራሁት። እስቲ ስለዚህ «ሌይ» የምትሉት ነገር ከወጥ ቤት በኩል ልንገርሽ።

ሲኞራዋ እኔን «ቱ» ትለኝ ነበር፤ እኔ እሷን «ሌይ»። የአሥር ዓመቷ ልጇም «ቱ» ትለኛለች። እኔ በአገሬ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አንድ ቀን የሲኞራዋ አባት ከፔሩጂያ መጡ። መምህር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሾርባውን ሳቀርብ ቀና ብለው «ግራሲዬ፣ ሲኞራ፤ ሌይ ከየት አገር ነዎት?» አሉኝ። ማንኪያው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ማታ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ምግብም ልብስም ሳይሆን አንዲት ቃል ናት ያስለቀሰችኝ።

ስለዚህ «ሌይ» ክብር ነው ሲሉሽ እውነት ነው። ማን ለማን ይሰጠዋል የሚለውንም ግን እዪ።

ገበታውን የተማርኩት በቁጣ ነው። ስፓጌቲ በቢላ አይቆረጥም። ወይን ስትቀጂ የእጅሽ ጀርባ ወደ ታች፣ መዳፍሽ ወደ ላይ ዞሮ አይቀዳም፤ «የከዳተኛ አቀዳድ» ይሉታል። ድሮ ቀለበት ውስጥ መርዝ ይደበቅ ነበር ነው ታሪኩ። እውነት ይሁን ተረት፣ እኔ ያንን ከሰማሁ ጀምሮ ሴትየዋን በሌላ ዓይን ነበር የማያት!

ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነበር። ሁላችንም ሐበሾች ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ ላይ እንገናኝ ነበር። የአምስት መቶው አደባባይ ማለት ነው። ማን ናቸው አምስት መቶዎቹ ብዬ ስንት ዓመት አልጠየቅኩም። ለካ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው! እኛ በስማቸው አደባባይ ላይ ተቀምጠን ዳቦ ቆሎ ስንበላ ኖረናል።


ቀጥታ_ተናጋሪ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ውዳሴ አልገባኝም። በ1928 ዓ.ም. ሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያርከፈከፉ፣ በየካቲት 12 አዲስ አበባን በደም ያጠቡ ሰዎች ስለ ወይን አቀዳድ ያስተምሩናል? ሹካ በቀኝ ያዝክ በግራ ምን ዋጋ አለው?


የታሪክ_ተማሪ_ነበርኩ

ወንድሜ፣ ተገቢ ንዴት ነው። ውዳሴም አይደለም፤ ከየት መጣ ነው ጥያቄው። እንዲያውም ያነሣኸው ዘመን እዚሁ ታሪክ ውስጥ አለበት። ያው የፋሺስት መንግሥት የሰላምታውን ሥርዓት በአዋጅ ሊለውጥ ሞክሮ ነበር። መጨባበጥ የቡርዧ ልማድ ነው፣ ንጽሕና የለውም፣ እጅ ዘርግታችሁ የሮማውያንን ሰላምታ ስጡ አለ። በፈረንጆቹ 1938 ደግሞ «ሌይ» የባዕድ ነው፣ የስፔን ነው፣ የሎሌ ቃል ነው ተባለ። «ቮይ» በሉ፣ እናንተ እንደማለት። የመንግሥት ሠራተኛው ታዘዘ። «ሌይ» የሚባል የሴቶች መጽሔት ነበር፤ ስሙ «እሷ» ማለት ብቻ ነበር፣ ከአክብሮቱ ጋር ምንም አያገናኘውም። ቢሆንም ስሙን ለውጦ «አናቤላ» ሆነ። በ1939 ቶሪኖ ላይ በዚህች አንዲት ቃል ላይ የተቃውሞ ዐውደ ርእይ ሁሉ አሳይተዋል።

ሥርዓቱ በወደቀ ማግስት ሰው ሁሉ ወደ «ሌይ» ተመለሰ። ሎሌነት ነው የተባለው ቃል የነፃ ሰው ቃል ሆኖ ቁጭ አለ።


ናፖሊ_ላይ_ሐበሻ

ሁሉም አልተመለሰም! እዚህ ደቡብ «ቮይ» ከሙሶሊኒ በፊትም ነበር፣ ዛሬም አለ። የእኔ አከራይ አማቱን «ቮይ» ነው የሚላት። ፋሺስት ስለሆነ አይደለም፤ አያቱም እንዲያ ስለሚል ነው። ሰሜን ሄደህ ይህን ብትል ግን ሰው ቅንድቡን ያነሣል።

ቅንድብ ካነሣሁ አይቀር የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት የሰፈር እናት ራት ጠሩኝ። «ጠገብክ ወይስ ልጨምርልህ?» አሉኝ። እኔ እንደ አገራችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ ራሴን ከፍ አደረግኩ፤ አዎ፣ ይጨመር ማለቴ ነው። ሳህኑን አነሡት! እዚህ ራስን ወደ ላይ መስበቅ «አይ» ማለት ነው። ከግሪኮች የቀረ ነው ይሉታል፤ ናፖሊን የቆረቆሯት ግሪኮች ናቸውና። ከሮማ ወደ ሰሜን ብዙም አታዩትም። ተርቤ አደርኩ። አንድ የናፖሊ ቄስ፣ አንድሬያ ዴ ዮሪዮ፣ በ1832 የከተማውን የእጅና የፊት ምልክት ሁሉ ከጥንት የሸክላ ሥዕሎች ጋር እያስተያየ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎበታል። ቀድሜ ባነበው ኖሮ ሁለተኛውን ሳህን እበላ ነበር።

አንድ ደግ ነገር ደግሞ፦ «ካፌ ሶስፔዞ»። የሁለት ቡና ከፍለህ አንድ ጠጥተህ ትሄዳለህ። ሁለተኛው የሌለው ሰው ሲመጣ የሚጠጣው ነው። ማን እንደከፈለለት አያውቅም፣ አንተም ማን እንደጠጣ አታውቅም።


ሚሚ_ቦሎኛ (ረቡዕ)

እትዬ፣ የሾርባውን ታሪክ አንብቤ ቁጭ አልኩ። እግዜር ይስጥልኝ።

ግን አሁንም አንድ ነገር አልገባኝም። የእኔ ሲኞራ ሊፕስቲክ ቀብተው ቆሻሻ የሚጥሉት ለማን ብለው ነው? እዚያ ታች ያለው ድመት ብቻ ነው።


የታሪክ_ተማሪ_ነበርኩ

«ቤላ ፊጉራ» ይሉታል፤ አምሮ መታየት። እኔ እንደሚመስለኝ ይሄም የዚያው የቤተ መንግሥት ልጅ ነው። ባልዳሳሬ ካስቲሊዮኔ የሚባል መኳንንት በ1528 ስለ ባለሟል አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ነገሩ በኡርቢኖ ቤተ መንግሥት ማታ ማታ የሚደረግ ጨዋታ ነው። እዚያ ውስጥ «ስፕሬትሳቱራ» የምትባል ቃል አለች። ልፋትህን ደብቅ፣ ሁሉ ነገር ሳታስብበት የሆነ አስመስል ነው። ሲኞራሽ መስታወት ፊት ግማሽ ሰዓት ቆመው ሊሆን ይችላል፤ ሊፍት ውስጥ ግን እንዲያው ከእንቅልፋቸው እንደተነሡ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ በ1558 የወጣው የጆቫኒ ዴላ ካዛ «ጋላቴዎ» ነው። ሊቀ ጳጳስ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ነው የታተመለት። ዛሬም ጣሊያኖች ጨዋነትን በጅምላ «ጋላቴዎ» ነው የሚሉት። አንድ ሽማግሌ ወጣቱን እንደሚመክር አድርጎ ነው የጻፈው። ምክሩ የእናቶቻችን ነው የሚመስለው። ተናፍጠህ ስታበቃ መሐረብህን ገልጠህ አትይ፣ ከአንጎልህ ዕንቁ የወደቀ ይመስል ይላል!

በጣም የምወደው ግን የቆንት ሪቻርዶ ታሪክ ነው። ይህ ቆንት የቬሮናው ጳጳስ ዘንድ በእንግድነት ሰነበተ። ሁሉ ነገሩ ያማረ ሰው ነው፤ አንድ ነውር ብቻ አለበት። ሲበላ አፉን ያንጫጫል። ጳጳሱ ገበታ ላይ አላሳፈሩትም። ሊሄድ ሲነሣ ጋላቴዎ የሚባለውን አንደበተ መልካም አገልጋያቸውን በፈረስ አብሮ እንዲሸኘው ላኩት። ሰውየው ብዙ መንገድ ከሸኘው በኋላ፣ ሊለያዩ ሲሉ፣ «ጌታዬ ጳጳሱ ስጦታ ልከውልዎታል» ብሎ ያን ነውሩን በለሆሳስ ነገረው፤ ስጦታው ምክሩ ነበር። ቆንቱ ፊቱ ቀላ፣ ግን አመሰገነ። ሰው ለሰው የሚሰጠው ስጦታ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ከዚህ የበለጠ ባለጸጋ በሆንን አለ።


እትዬ_ከሮማ

አፍን እያንጫጩ መብላትማ እናቴ በጥፊ ነበር የምታስተምረን። ፈረስም አልነበራት።


የቆላ_ልጅ_ሚላኖ

ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። የታሪክ ተማሪው ወንድማችን ሁሉንም ነገር ወደ ኡርቢኖ ይመልሰዋል። እኔ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ስንት ሰው ነበር? ሌላው ሕዝብ እኮ ገበሬ ነው። አገሪቱ በ1861 አንድ ስትሆን ከአራቱ ሰው ሦስቱ ማንበብ አይችልም ነበር። የሚናገረው ጣሊያንኛ አይደለም፤ የየመንደሩን ቋንቋ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ካስቲሊዮኔ ምናቸው ነው?

እኔ የማየው ሌላ ነው። የቤተ መንግሥቱ ወግ ወደ ሰፊው ሕዝብ የወረደው በትምህርት ቤት፣ በውትድርና፣ በመጨረሻም በቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን መደበኛ ሥርጭቱን የጀመረው በጥር 1954 ነው። በዚያው ሰሞን ኢኮኖሚው ተመነጠቀ፤ ሚሊዮኖች ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ጎረፉ። አባቱ በባዶ እግሩ የሄደ ልጅ ሚላኖ ፋብሪካ ገብቶ ደመወዝ አገኘ። መጀመሪያ የገዛው ሱፍ ልብስ ነው። ከገጠር የመጣህ እንዳይሉህ «ሌይ» ትላለህ፣ ጫማህን ትወለውላለህ። የሊፕስቲኩ ነገር ከ1528 ይልቅ ለ1958 የሚቀርብ ይመስለኛል።

«ዶቶሬ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በ1946 ንጉሡን በድምፅ አሰናበቱ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የመሳፍንት ማዕረግ እውቅና አጣ። ቆንትና ባሮን ሲቀር ቦታው ባዶ አልሆነም፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሁሉ «ዶቶሬ» ሆነ። የሦስት ዓመት ዲግሪ ይበቃል። ሚሚም ስትጨርስ «ዶቶሬሳ» ናት።


የታሪክ_ተማሪ_ነበርኩ

ተቀብያለሁ። ልብሱ የቤተ መንግሥት ነው፣ የለበሰው ግን የገበሬ ልጅ ነው ብንል ታረቅን?


ናፖሊ_ላይ_ሐበሻ

መንደሩንም አትርሱት። እዚህ «አገሬ» ሲሉ ጣሊያንን ማለታቸው አይደለም፤ የደወሉ ማማ ከሚታይበት ያለውን ነው። ቶስካናዎች «የፒሳ ሰው በር ላይ ቆሞ ከማይ ቤቴ ውስጥ ሬሳ ይሻለኛል» ይላሉ። ሚሚ፣ አንቺ ያለሽበት ቦሎኛ ደግሞ ከሞዴና ጋር አይዋደድም። በ1325 ሞዴናዎች በጦርነት አሸንፈው ከቦሎኛ አንድ የእንጨት ባልዲ ወሰዱ። አዎ፣ ባልዲ። እስከ ዛሬ አልመለሱም። ስለዚህ ለሲኞራሽ የሞዴና ቶርቴሊኒ (ውስጡ የተሞላ ፓስታ) ይጣፍጣል እንዳትዪ። ከቻውም ይብሳል።


ሚሚ_ቦሎኛ (ቅዳሜ ማታ)

አዲስ ወሬ! ሐሙስ ዕለት ሊፍቱን ይዤላቸው «ቧና ሴራ፣ ሲኞራ፤ ሌይ እንዴት ነዎት?» አልኩ። በሩ እየተዘጋ እየተከፈተ አሥር ደቂቃ አወሩኝ። እናታቸው ሩዝ እርሻ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ አረም የምትነቅል ሠራተኛ ነበረች። «ትንሽ ሆኜ እጇን ሳይ ጥፍር የላትም ነበር» አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን ጥፍር አሳዩኝ፤ ቀይ፣ እንደ መስታወት። የቆላ ልጅ፣ አንተ ትክክል ነህ።

ነገ ምሳ ጠርተውኛል! ጠዋት ባላቸው መቃብር ደርሰው ይመጣሉ፤ ምሳ 7 ሰዓት ነው። ራጉው፣ የፓስታው የሥጋ ስጎ፣ ከትናንት ጀምሮ ተጥዷል፣ ሽታው ደረጃውን ሞልቶታል።

ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ አበባ ገዛሁ። ቢጫ ነው፣ እቅፍ ሙሉ፣ አደይ አበባን ቁርጥ! ርካሽ ነው ደግሞ፤ ዛሬ በየመንገዱ እሱን ብቻ ነው የሚሸጡት።


ባሪስታ_ቶሪኖ

ኦ ኦ።


የቆላ_ልጅ_ሚላኖ

ሚሚ፣ አበባው ብዙ ቀጫጭን ቅጠል ያለው፣ ክብ ነው? ነገ ኖቬምበር 2 ነው እኮ።


እትዬ_ከሮማ

አንቺ ልጅ! እሱ ክሪዛንተሞ ነው። የሙታን አበባ ነው፤ እዚህ መቃብር ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ነገ ደግሞ የሙታን ቀን ነው፤ ለዚያ ነው በየመንገዱ የበዛው። ለምሳ ይዘሽ ብትገቢ መሞቻዎ ደርሷል ያልሽ ያህል ነው።

አትደንግጪ። ለምሳው ጠዋት ፓስቲቸሪያ ሂጂና ትንንሽ ኬክ በትሪ አስጠቅልዪ። በወረቀት ጠቅልለው በሪባን ያስሩልሻል፤ ቋጠሮውን በጣትሽ አንጠልጥለሽ ነው የምትሄጂው።


ሚሚ_ቦሎኛ

ወይኔ ጉዴ። አበባውን ምን ላድርገው? ሃያ ዘንግ ነው!


እትዬ_ከሮማ

አትጣዪው። በጊዜ ተነሺ፤ ሲወጡ በራቸው ላይ ጠብቂያቸው። «ለባልዎ ነው» በዪ። ከፈቀዱልሽ አብረሽ ሂጂ፣ አበባውን አንቺ ተሸከሚ።


ሚሚ_ቦሎኛ (እሁድ ጠዋት)

ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። ቁልፍ ሲያዞሩ ይሰማኛል። ጠዋት «ቧንጆርኖ» ነው አይደል?